በርሜሉን ሳይዘጉ ፍሊት መግዛት

ድሬ ዳዋ ውስጥ ቤት የያዘ ሰው ደባል አለው። ከዚራ ይኑር መጋላ፣ ሳቢያን ይኑር ገንደ ቆሬ፣ ቤቱ የራሱ ይሁን የኪራይ፣ ለውጥ የለውም። በረሮው መብራት እስኪጠፋ ይጠብቃል። ቁጫጩ ስኳሩ የት እንደተቀመጠ ከኛ በላይ ያውቃል። ምስጡ የበሩን መቃን ከውስጥ እየበላው ነው። ጊንጡ ከጡብ ክምር ሥር ተኝቷል። ቢምቢው ደግሞ የቀን ፈረቃና የሌሊት ፈረቃ አለው። ይህን ስል ቀልዴን አይደለም፣ ቆይቼ እመጣበታለሁ።

ምክንያቱ ሙቀቱ ነው። ከተማችን ከባሕር ጠለል በላይ 1,200 ሜትር ገደማ ላይ ነው ያለችው። ደጋ ላይ ብርዱ ራሱ ግማሹን ሥራ ይሠራላችኋል፤ ነፍሳቱ ቀስ ብለው ያድጋሉ፣ ቀስ ብለው ይራባሉ። እዚህ ግን የሚያቆማቸው የለም። ዓመቱን ሙሉ ይፈለፈላሉ።

ታዲያ ሰው ሲመረው መጀመሪያ የሚሮጠው ወደ ሱቅ ነው። የሰፈራችን ባለሱቅ ልጅ ከመደርደሪያ አንድ ቆርቆሮ ያወርድና፣ "አቦ እቺን ውሰጂ፣ በረሮ አይደለም ጅብ ትገድላለች!" ይላል። ይሸጥለታልም። ገዢው ቤቱን ዘግቶ ይነፋል፣ ልጆቹ ሲያስሉ ያድራሉ፣ በሳምንቱ በረሮው ከነቤተሰቡ ይመለሳል። ከዚያ ሌላ ቆርቆሮ ይገዛል።

እኔ መርዝ አትግዙ እያልኩ አይደለም። መርዝ የሚያስፈልግበት ጊዜ አለ። ግን ተራው መጨረሻ ላይ ነው። መጀመሪያ ውሃው፣ ቀጥሎ ቀዳዳው፣ ቀጥሎ ፍርፋሪው። ከሦስቱ ደግሞ እኛ አገር ዋናው ውሃው ነው፤ ስለዚህ እሱ ላይ ረዘም አድርጌ ልቆይ።

ድሬ ላይ የቧንቧ ውሃ ተራ ጠብቆ ነው የሚመጣው። ስለዚህ ሁላችንም እናጠራቅማለን። በርሜል፣ ጀሪካን፣ ባልዲ፣ አቅም ያለው ሮቶ፣ አንዳንድ ግቢ ደግሞ የሲሚንቶ ገንዳ አለ። ይህ ለኛ የኑሮ ግዴታ ነው። ለትንኝ ደግሞ የማዋለጃ ክፍል ነው።

ተማሪ ቤት ስለ ወባ የተነገረን ሌላ ነበር። ረግረግ፣ ኩሬ፣ ክረምት ያቆረው ውሃ። ወባ የገጠርና የመስከረም በሽታ ናት ተብለን ነው ያደግነው። አሁን ግን አኖፌሌስ ስቴፈንሲ የሚባል የወባ ትንኝ መጥቷል። የትውልድ አገሩ ደቡብ እስያና የዓረብ ባሕረ ገብ መሬት ነው። በእኛ በአፍሪካ ቀንድ መጀመሪያ የተገኘው ጅቡቲ ላይ ነው፣ እ.ኤ.አ. በ2012። ኢትዮጵያ ውስጥ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2016 ቀብሪ ደሃር ላይ ተገኘ። የዚህ ትንኝ ክፋቱ ከተሜነቱ ነው። ረግረግ አይፈልግም፣ ዝናብም አይጠብቅም። ሰው ያጠራቀመው ንጹህ ውሃ ይበቃዋል። በጋ ሆኖ ወንዙ ሁሉ ሲደርቅ፣ ደቻቱ አሸዋ ብቻ ሲሆን፣ እኛ በርሜል ሙሉ ውሃ ይዘን እንጠብቀዋለን።

ጅቡቲ እ.ኤ.አ. በ2012 የመዘገበችው የወባ ሕመምተኛ 27 ብቻ ነበር። በ2020 ከ73,000 በላይ ሆነ። ጥፋቱ የዚህ ትንኝ ብቻ ነው ባይባልም፣ ዋናው ተጠርጣሪ ግን እሱ ነው። ቀጥሎ የኛ ተራ ደረሰ። ድሬ ዳዋ እ.ኤ.አ. በ2019 ዓመቱን ሙሉ የመዘገበችው 205 የወባ ሕመምተኛ ነበር። በ2022፣ በኛ 2014 ዓ.ም.፣ ከጥር እስከ ግንቦት ባሉት ወራት ብቻ ከ2,400 በላይ ሆነ። ያውም በደረቁ ወቅት። የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ማደሪያ ሳይቀር ተመታ። ተመራማሪዎች መጥተው ትንኝ ሲይዙ፣ የያዙት አብዛኛው ይኸው ስቴፈንሲ ሆኖ ተገኘ።

እሱ እንግዲህ የሌሊት ፈረቃው ነው። የቀን ፈረቃው ኤደስ ኤጂፕታይ ይባላል። ጠቆር ያለ፣ እግሩ ላይ ነጭ ቀለበት ያለው፣ ጠረጴዛ ሥር ገብቶ ቁርጭምጭሚት የሚፈልግ። ጠዋት ጠዋትና ፀሐይ ልትጠልቅ ስትል ይብስበታል። በ2006 ዓ.ም. መባቻ የደንጊ ትኩሳት ድሬ ላይ ተነሥቶ ከ11,000 በላይ ሰው የታመመው በእሱ ነው። በ2011 ዓ.ም. ክረምት ቺኩንጉንያ ሲመጣም ያመላለሰው እሱ ነው። ያኔ እዚህ የነበረ ሰው ያስታውሳል፤ ሰፈሩ በሙሉ አንካሳ ሆኖ ነበር። መገጣጠሚያን የሚቆራርጥ ሕመም ነው። ኳስ ሲያባርር የምናውቀው ጎረምሳ ግድግዳ ይዞ ሽንት ቤት ሲሄድ እያየን እንስቅ ነበር፣ እኛም እስኪደርሰን ድረስ።

አሁን ወደ በርሜሉ እንሂድ። የስልካችሁን መብራት አብሩና ጎንበስ ብላችሁ ወደ ውስጥ እዩ። ክር የመሰሉ ትናንሽ ነገሮች ካያችሁ፣ ጥላችሁ ሲያርፍባቸው እየተጠማዘዙ ወደ ታች የሚወርዱ ከሆነ፣ እጭ ናቸው። ቆማችሁ ትንሽ ጠብቁ፣ ለመተንፈስ ተመልሰው ይወጣሉ። ከውሃው ፊት ጋር ጠፍጠፍ ብሎ የሚጋደመው የወባ ትንኝ እጭ ነው። ጭንቅላቱን ቁልቁል ዘቅዝቆ የሚንጠለጠለው ደግሞ የኤደስ ወይም የተራው ቢምቢ ነው። አንድ ጊዜ ካያችሁት መቼም አይጠፋችሁም። እኔ ለልጆች አሳይቼ በርሜል ቁጥጥሩን ለነሱ ለቅቄያለሁ፤ ከኔ በላይ ዓይናቸው ያያል፣ ደግሞ ይወዱታል።

ብዙ ሰው ውሃውን ደፍቶ እንደ ገና ይሞላና የጨረሰ ይመስለዋል። አልጨረሰም። ኤደስ እንቁላሏን የምትጥለው ውሃው ላይ ሳይሆን ከውሃው ከፍ ብላ በርሜሉ ግድግዳ ላይ ነው። ታጣብቀዋለች። ደርቆ ለወራት ይቆያል፣ ውሃ ሲደርስበት ይፈለፈላል። ስለዚህ መፈግፈግ ያስፈልጋል። ሻካራ ብሩሽና ላርጎ ይዞ፣ በተለይ የውሃው ወለል የሚደርስበትን መስመር፣ ዙሪያውን። በኛ ሙቀት ከእንቁላል ተነሥቶ ክንፍ አውጥቶ እስኪበር ከሰባት እስከ አሥር ቀን ብቻ ነው የሚፈጅበት። ስለዚህ በሳምንት አንድ ቀን ቁረጡለት። እኛ ቤት ቅዳሜ ጠዋት ነው።

"ውሃ ድፊ ትይኛለሽ እንዴ፣ በዚህ ችግር?" የሚል እንዳለ አውቃለሁ። አትድፉት። በነጠላ ቁራጭ እያጣራችሁ ወደ ሌላ ዕቃ ገልብጡት፣ ወይ ለሽንት ቤትና ለአትክልት አውሉት። በርሜሉ ባዶ በሚሆንበት ቀን አስታከው ቢያጥቡትም ይሆናል። ዋናው ነገር ግድግዳው መፈግፈጉ ነው።

ክዳን ያለው በርሜል ሁሉ ደግሞ የተዘጋ እንዳይመስላችሁ። ክዳኑ ተጣሞ ጣት የሚያስገባ ክፍተት ካለው ትንኝ በሰልፍ ትገባለች። ያረጀ አጎበር ቆርጣችሁ አፉ ላይ ወጥሩትና በጎማ ወይም በገመድ እሰሩት፤ ከላዩ ክዳኑን አድርጉ። ሮቶም እንዲሁ ነው። አናቱ ላይ ያለው ክዳን ተሰብሮ በፌስታል የተሸፈነ ሮቶ ስንት አየሁ! ውሃ ሲሞላ የሚተፋበትን ቱቦም አትርሱት፣ የወንፊት ሽቦ ይፈልጋል።

ከበርሜሉ በኋላ ጥቃቅኖቹ አሉ። ግቢ ጥግ የተጣለ የመኪና ጎማ። የአበባ ማስቀመጫ ሥር ያለው ሳህን። የዶሮ መጠጫ። ኤሲው የሚንጠባጠብበት ጣሳ። ፍሪጅ ጀርባ ታች ላይ ያለችው ውሃ መያዣ፤ እሷን ከገዙ ጀምሮ ዓይተዋት የማያውቁ ሰዎች አሉ። እና ደግሞ የሚያስቀኝ አንዱ፦ ቁጫጭ እንዳይወጣ ተብሎ የምግብ ቁም ሳጥን እግር ሥር የሚቀመጠው ውሃ ያለበት ቆርቆሮ። ከቁጫጭ ሸሽተን ደንጊ እናሳድጋለን ማለት ነው። ዘዴው ራሱ ጥሩ ነው፣ ግን ውሃው ውስጥ በርከት ያለ ሳሙና ጨምሩበት፣ ወይም ውሃውን ትታችሁ ያገለገለ ዘይት አድርጉበት።

የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች መጥተው ማጠራቀሚያ ውስጥ አቤት የሚባለውን መድኃኒት ሊያደርጉ ሲሉ በር የሚዘጋባቸው አለ። "ውሃችንን ሊመርዙት!" ይባላል። ይህ መድኃኒት መጠኑ ተለክቶ ለማጠራቀሚያ ውሃ የሚደረግ ነው፣ እጩን ይገድላል። ያንኑ ሰው ግን ማታ ማታ ሕፃን የተኛበት ክፍል ውስጥ ፍሊት ሲነፋ ታገኙታላችሁ። ይገርመኛል።

አጎበር ለሌሊቱ ግድ ነው። ሚያዝያና ግንቦት ላይ ሙቀቱ ሲበረታ አልጋ አውጥተን ግቢ ለምንተኛ ሰዎች ደግሞ ይበልጥ። ቀን የሚተኛ ሕፃን ካላችሁም አጎበሩን አውርዱለት፣ ኤደስ ቀን ነው ሥራው። ቬንትሌተር ርካሽ መከላከያ ነው፤ ትንኝ ነፋስን ተቃውሞ የመብረር አቅም የላትም፣ እግራችሁ አካባቢ እንዲነፍስ አድርጉት። ትኩሳት ከመጣ ደግሞ በግምት አትታከሙ። ወባና ደንጊ ሲጀምሩ ይመሳሰላሉ። ጤና ጣቢያ ሄዳችሁ ደም ስጡ። እስኪታወቅ ድረስ ለትኩሳቱ ፓራሲታሞል እንጂ አስፕሪንና አይቡፕሮፌን አይወሰድም፣ ደንጊ ከሆነ ደም መፍሰስን ያባብሳሉ።

ወባዋንና ደንጊን እዚህ ላይ ልተዋቸው። ወደ በረሮ።

ሁለት ዓይነት በረሮ አለ፣ መፍትሔያቸውም ይለያያል። ትልቁ፣ ቀይ ቡናማው፣ አንዳንዴም ተነሥቶ በርሮ ሰው የሚያስጮኸው፣ ከውጭ ነው የሚመጣው። ከሽንት ቤት፣ ከፍሳሽ ጉድጓድ፣ ከማንሆል። እሱን በቤት ውስጥ መርዝ ማሳደድ ድካም ነው። የሻወሩና የወጥ ቤቱ ፍሳሽ ማውጫ ላይ ወንፊት አድርጉ፣ የጉድጓዱን ክዳን ዙሪያ በሲሚንቶ ድፈኑ። ያበቃል ማለት ይቻላል።

ትንሹ፣ ቢጫ መሳዩ፣ እሱ ነው ጣጣው። እሱ የቤት ልጅ ነው። ፍሪጅ ሞተር አጠገብ፣ ምድጃ ሥር፣ የቁም ሳጥን ማጠፊያ ውስጥ ይኖራል። ሴቷ ከ30 እስከ 40 እንቁላል የያዘ ከረጢት ጅራቷ ላይ ተሸክማ ትዞራለች። ፍሊቱ የሚታየውን ይገድላል፣ ከረጢቱ ውስጥ ያለው ግን ተርፎ ይፈለፈላል። በሳምንቱ የሚመለሱት እነሱ ናቸው። ለዚህ የሚሻለው የሚበላ መርዝ ነው። በጄል መልክ የሚሸጠውን ካገኛችሁ የሩዝ ፍሬ በምታህል ነጠብጣብ ማጠፊያና ስንጥቅ ውስጥ ማስቀመጥ። ካጣችሁ ቦሪክ አሲድ ዱቄት ከስኳር ጋር ደባልቆ፣ ልጅና ድመት የማይደርስበት ቦታ፣ በጣም ስስ አድርጎ መበተን። ከተከመረ ይዞሩታል፣ አይረግጡትም። በልቶ ጎሬው ገብቶ የሞተውን ሌሎቹ ይበሉታል፣ መርዙ ይዳረሳል። ግን ይህን ባደረጋችሁበት ቦታ ፍሊት አትንፉ፣ ሽታው ያሸሻቸዋል፣ ድካማችሁ ሁሉ ከንቱ ይቀራል።

ማታ ከመተኛታችሁ በፊት የዕቃ ማጠቢያውን ሲንክ በጨርቅ አድርቁት። በረሮ ያለ ምግብ ሳምንታት ይቆያል፣ ያለ ውሃ ግን ከሳምንት ብዙም አይዘልቅም። ውሃ ነው አልኳችሁ!

መንገድ ላይ የሚሸጠውን የቻይና ጠመኔ ግን እባካችሁ ተዉት። በረሮ ይገድላል፣ አልክድም። ግን መልኩ የተማሪ ጠመኔ ነው። ልጅ ወለል ላይ አግኝቶ ይሥልበታል፣ ከዚያ ጣቱን ይልሳል። ሌላው ደግሞ ገበያ ላይ በሃይላንድ ተቀድቶ የሚሸጠው ስም የለሽ ፈሳሽ ነው። ምን እንደሆነ፣ በስንት ውሃ እንደሚበጠበጥ፣ ከተጠጣ ሐኪሙ ምን ብሎ እንደሚያክም ማንም አያውቅም። የተለጠፈ ስም የሌለው መርዝ ቤት አይግባ።

ስለ ትኋን ሰው በሹክሹክታ ነው የሚያወራው። ነውር የለውም፣ ንጹህም ቤት ይገባል። ሶፋ ጋር ይመጣል፣ ከጉዞ በተመለሰ ሻንጣ ይመጣል። የፍራሹን ስፌት ገልብጣችሁ እዩ፣ የእስክሪብቶ ነጥብ የሚያህሉ ጥቋቁር ምልክቶች ካሉ አለ ማለት ነው። ሙቀት ይገድለዋል፣ 50 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ከደረሰበት አይተርፍም። እዚህ ላይ የድሬ ፀሐይ ለአንድ ጊዜ ትጠቅመናለች። ብርድ ልብሱንና ልብሱን በጥቁር ላስቲክ ውስጥ አጥብቃችሁ ቋጥሩና ቆርቆሮ ጣሪያ ላይ ከረፋድ እስከ ማታ አውጡት። ብዙ አትጠቅጥቁት፣ መሐሉ ድረስ መሞቅ አለበት። ፍራሽን ፀሐይ ላይ ማስጣት ብቻውን ግን አያዋጣም፤ ላዩ ይግላል፣ ትኋኑ ወደ ጥላው በኩል ይዞራል። አልጋውን ፈታታችሁ መጋጠሚያው ላይ የፈላ ውሃ አፍስሱ። ከአሥር ቀን በኋላ ድገሙት፣ ምክንያቱም እንቁላሉ በዚያ ጊዜ ውስጥ ተፈልፍሏል። ላምባ የሚቀባ ሰው አለ። ላምባ ትኋኑን ያስቸግረዋል፣ ሻማ ሲወድቅ ግን ቤቱን ያቃጥለዋል።

ከዚህ የባሰ ደግሞ አለ። ለትኋንና ለአይጥ ብሎ የነቀዝ ክኒን መኝታ ቤት ውስጥ የሚያስቀምጥ ሰው። ይህን በደማቁ ብጽፈው ደስ ይለኝ ነበር። ያ ክኒን አሉሚኒየም ፎስፋይድ ነው። የአየር እርጥበት ሲያገኘው ፎስፊን የሚባል ጋዝ ይለቃል። ጋዙ በበር ሥር፣ በግድግዳ ስንጥቅ፣ በኮርኒስ አልፎ ጎረቤት ክፍል ይደርሳል። ማርከሻ መድኃኒት የለውም። የሰው እስትንፋስ ያለበት ቤት ውስጥ፣ በጆንያ ተጠቅልሎም ቢሆን፣ ቦታ የለውም። እህል ለማቆየት ከሆነ ሌላ መንገድ አለ። ማሽላውንና በቆሎውን በደንብ አድርቃችሁ ሁለት የላስቲክ ከረጢት ውስጡ ባለው ጆንያ፣ ፒክስ በሚባለው፣ አፉን አጥብቃችሁ ብትቋጥሩት ነቀዙ አየር አጥቶ ይሞታል። ምንም መርዝ የለውም። ጤፍ ላይ እንኳ አትጨነቁ፣ ፍሬው ደቃቅ ስለሆነ ነቀዝ ገብቶ የሚያድግበት ቦታ አያገኝም።

ጊንጥ። ድሬ አዲስ የመጣ ሰው ሁሉ መጀመሪያ የሚጠይቀው ስለሱ ነው። ጊንጥ ሰው ፈልጎ አይመጣም። በረሮና ሌላ ነፍሳት ፈልጎ ነው የሚመጣው፣ ስለዚህ በረሮ ከቀነሰ እሱም ይቀንሳል። ጡብ፣ ድንጋይ፣ የማገዶ እንጨት ከግድግዳ አርቁ። ጫማ ሳታራግፉ አትልበሱ። አንድ ደስ የሚል ዘዴ አለ፤ ባለሱቆች የብር ኖት የሚፈትሹበትን ሐምራዊ መብራት ታውቁታላችሁ አይደል? ጨለማ ላይ እሱን ግቢ ውስጥ ብታበሩት ጊንጥ አረንጓዴ መስሎ ያበራል። ከሩቅ ይታያል። እኛ ግቢ የድንጋይ አጥሩ ሥር ስናበራ መጀመሪያ ቀን ማንም ወደ ሽንት ቤት ብቻውን አልሄደም። አግኝታችሁ በረጅም መቆንጠጫ ታነሡታላችሁ። ከነደፈ ቦታውን ማጠብ፣ ቀዝቃዛ ነገር መያዝ፣ አለመብጣት፣ አለመምጠጥ። ሕፃን ከሆነ የተነደፈው ሳይውሉ ሳያድሩ ጤና ጣቢያ።

ምስጥ ዝም ብሎ የሚበላ ነው፣ ስለዚህ ምልክቱን ማወቅ ይበጃል። ግድግዳ ላይ ከመሬት ተነሥቶ ወደ ላይ የሚወጣ፣ የእርሳስ ውፍረት ያለው የጭቃ መስመር ካያችሁ መንገዱ ያ ነው። መሐሉን ጣት በምታህል ርዝመት ስበሩት። በማግሥቱ ከጠገኑት ሥራ ላይ ናቸው። የበሩን መቃን በጣታችሁ አጥንት ኳ ኳ አድርጉት፣ ድምፁ ባዶ ሣጥን ከመሰለ ውስጡ አልቋል። የመጀመሪያው ዝናብ ሲጥል ማታ አምፖል ሥር የሚርመሰመሰው አሸን የእነሱው ክንፋም ነው፤ የውጭ መብራት አጥፉበት፣ ጠዋት ዶሮዎቹ የቀረውን ይጨርሱታል።

አናጢያችን ጋሼ ሁሌ የሚሉት፣ "ልጄ፣ እንጨት አፈር ከነካ የምስጥ ነው" ነው። እውነታቸውን ነው። ቋሚው ሲሚንቶ ላይ ይቁም። ካርቶንና ጋዜጣ ወለል ላይ ከግድግዳ ጋር ተጠግቶ አይቀመጥ። የሚያንጠባጥብ ቧንቧ ግድግዳ ሥር ካለ መጀመሪያ እሱ ይሠራ፣ ምስጥ እርጥብ አፈር ይፈልጋል። መሠረቱ ላይ ኬሚካል ማስወጋት ግድ ከሆነ ባለሙያውን የመድኃኒቱን ስም ጠይቁት። ክሎርፒሪፎስ ካላችሁ አመሰግናለሁ ብላችሁ ሸኙት፤ አሜሪካኖች እ.ኤ.አ. ከ2000ዎቹ መጀመሪያ ጀምሮ ከመኖሪያ ቤት ያስወጡት ነው፣ በተለይ ለልጆች አእምሮ ጥሩ አይደለም።

ስለ አይጥ ብዙ አልልም። የእርሳስ ውፍረት ያለው ቀዳዳ ትንሿን አይጥ ያሳልፋል። የድስት መፈግፈጊያ ሽቦ ጠቅጥቃችሁ በሲሚንቶ ድፈኑት፣ አታኝከውም። የአይጥ መርዝ በልታ የምትንገዳገደውን አይጥ ድመት ትበላታለች፣ ድመቷም ትሞታለች፣ ከዚያ አይጡ ይበዛል። አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ ይሏል ይሄ ነው። ግድግዳ ላይ የምታዩትን እንሽላሊትም ተዉት፣ እባካችሁ። ሌሊቱን ሙሉ ትንኝና የእሳት ራት ሲለቅም የሚያድረው እሱ ነው። ወጥ ውስጥ ይወድቃል ብሎ በመጥረጊያ የሚያሳድደው ሰው ድስቱን ቢከድን ይቀለዋል።

በመጨረሻ ሣር። ግቢው ውስጥ ሣር ያለው ሰው ድሬ ላይ ብዙ አይደለም፣ ከዚራ በኩል ያሉት የድሮ ግቢዎች ግን አላቸው፣ አሁን አሁን አዲስ ቤት የሚሠራም ይተክላል። ሁለት ጠላት አለው። አንዱ ያው ምስጥ ነው፣ የደረቀ ሣር ይወዳል። ሣሩን ሥሩ ድረስ አትላጩት፣ ከፍ አድርጋችሁ አጭዱት፣ አፈሩ ጥላ ያገኛል፣ እርጥበት ይይዛል። ውሃ ማጠጣቱ በጠዋት ይሁን፤ ቀትር ላይ ይተናል፣ ማታ ሲሆን ሣሩ እርጥብ ያድርና ሻጋታ ይጠራል።

ሁለተኛው ተምች ነው። ማታ አረንጓዴ የነበረ ሣር በጥቂት ቀን ተግጦ ቡናማ ይሆናል፣ ወፎችም እዚያች ቦታ ላይ መልቀም ያበዛሉ። ውሃ ጥም ይሁን ትል ለመለየት፣ ሁለት ማንኪያ ላርጎ በአራት ሊትር ውሃ በጥብጣችሁ አንድ ካሬ ሜትር የሚሆን ቦታ ላይ ቀስ ብላችሁ አፍስሱ። ትል ካለ በጥቂት ደቂቃ ውስጥ እየተወራጨ ወደ ላይ ይወጣል። ካልወጣ ችግሩ ሌላ ነው፣ መርዝ መርጨት አያስፈልግም።

ትል ከወጣ ኒሙን አስቡት። ከተማችን በኒም ዛፍ የተሞላች ናት፣ ጥላው ሥር ተቀምጠን ጫት እንቅማለን፣ ፍሬውን ግን እንረግጠዋለን። የበሰለውን ፍሬ ለቅማችሁ፣ ሥጋውን አጥባችሁ፣ ዘሩን ጥላ ላይ አድርቁት። ቅርፊቱን ፈልፍላችሁ ግማሽ ኪሎ ውቀጡና በአሥር ሊትር ውሃ ዘፍዝፉት። አድሮ በጨርቅ አጥልሉት፣ ትንሽ ፈሳሽ ሳሙና ጠብ አድርጉበት፣ ከዚያ ፀሐይዋ ካዘቀዘቀች በኋላ እርጩት፤ ፀሐይ ኃይሉን ያጠፋዋል። እንደ ፍሊት ወዲያው የሚገድል አይምሰላችሁ። ትሉ መብላት ያቆማል፣ ቆዳውንም መቀየር ያቅተዋል፣ ቀስ ብሎ ይሞታል። በሳምንቱ ይደገማል። የተረፈውን ለሌላ ቀን ብላችሁ በጀሪካን አታስቀምጡት፣ አይቆይም፤ ለሚቀጥለው አዲስ ዘፍዝፉ።